ከአምስት እስከ ዘጠኝ

ሁለት ቀን ነው የቀረኝ ከዓመት ፈቃዴ ላይ፤
ሐሙስና ዓርብ፣ በግንቦት ፀሐይ።

ብርድ ልብስ ስናጥፍ፣ ስንቆጥር፣ ስንጭን፣
ከደብረ ብርሃን ውርጭ ጋር ስንካሰስ ከርመን፣
"ሙቀት እንይ" አለች የሻረግ አንድ ቀን።
በደመወዝ ወረቀት ጀርባ
ጠመዝማዛ መስመር ቁልቁል እየሳለች
"ይኸው ጀማ" አለች።

እኔ የጅሁር ልጅ ነኝ።
ገደል አፋፍ ነበር ትምህርት ቤታችን፤
ከሜዳው ሾልካ ስትወርድ ኳሳችን
"ቆላ ተዳረች" ነበር ሳቃችን።
ሌላ እንሰፋለን፣ ከካልሲ ከጨርቁ፤
ስንቶቹ እንደሆኑ ጭንጫው ላይ ያለቁ
ቁልቋሎቹ ይወቁ።
ሠላሳ ስድስት ዓመት ቁልቁል አይቻለሁ፤
መውረዱን ግን ሁሌ ለከርሞ ብያለሁ።

እንጻፍ።
ሐሙስ ሌሊት አሥራ አንድ፣ መናኸሪያው በር፤
ቅጥቅጡ እስኪሞላ ከረዳቱ ጋር ክርክር፤
በደነባ አድርገን እነዋሪ ቁርስ፣ ፉል በቃሪያ፤
ሦስት ሰዓት ጅሁር፣ የቁልቁለት መጀመሪያ።
ሸዋንግዛው መጣ ከሂሳብ ክፍሉ፣
መነጽሩን ገፋ፤ "አይሆንም፣ በሦስት ሰዓት
ይግላል ድንጋዩ ሁሉ።"
ሰረዝነው።
ረቡዕ ከሥራ እንደወጣን፣ ማታ
እናቴ ቤት ማደር፤ ሌሊት በአሥር ሰዓት መነሣት በዝምታ።
ጨረቃዋስ? ጎደሎ ናት ያን ሰሞን፤
አርፍዳም ቢሆን አትቀርብን።

ውሃ። ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው።
ለአንድ ሰው አራት ሊትር፣ ለሦስታችን አሥራ ሁለት፤
ሊትሩ አንድ ኪሎ፤ ኪሎው በጀርባ፤ ጀርባው በዳገት።
"ጀማ ራሱ ወንዝ አይደል?" የሻረግ ናት።
በግንቦት ጀማ፣ አልኳት፣ የወንዝ መኝታ ነው፤
ውሃው ሄዶበት ድንጋዩ የተኛው።
ቀጭን ጅረት አለች፣
ለከብት፣ ለዝንጀሮ፣ ለአምባዛ ተካፍላ የምትዳረሰው።

እሑድ ደወልን፤
አቶ ልሳነወርቅ ኔትወርክ ፍለጋ
ጉብታው ላይ የሚወጡት በእሑድ ነው፤
ታች ማሽላ ያርሳሉ፣ የአጎቴ ወዳጅ ናቸው።
"መውረዱን ተዉት" አሉ፣ "ቁልቁለት እንደ ውሃ ነው፣
ሲወስድ እያሳሳቀ።
መውጣቱን አስቡ፣ ጉልበት ሳይርቅ ገና፣ ውሃ ሳያልቅ።
ደግሞ ቀትር ላይ
እዚህ ማንም አይነቃነቅም፣ እባብም አይንቀሳቀስ፤
ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሾላው ሥር ነው ሰው፣
ፀሐይ እስክትመለስ።"

የሻረግ ጻፈች፦
ከአምስት እስከ ዘጠኝ፣ ሾላ ሥር። ምንም።
"ምንም"ን ሁለቴ አሰመረችባት።
ሸዋንግዛው ባዶ ቦታ አይወድም፤
"መጽሐፍ ይያዝ?" አለ፣ "ካርታስ?"
ምንም።
አሥራ አራት ዓመት በደወል ገብቼ፣
በደወል ምሳ በልቼ፣ በደወል ወጥቼ፣
አራት ሰዓት ሙሉ "ምንም" የሚል ወረቀት
እጄ ገብቶ አያውቅም።
ሌላውን ዕቅድ ተዉት፤ ባቡር ይሰረዝ፣ አውቶቡስ ይቅር፣
ለዚያች መስመር ብዬ በእግሬም እሄድ ነበር።

(ባቡርስ የለም። ሲሞቀኝ እንዲህ እላለሁ።)

እናቴ በስልክ፦ "ምን ጎድሎሽ ነው? ታች ያለው ድንጋይ ነው።"
"እኮ" አልኳት።
ዝም አለች። ቆየችና
"ጫማሽ ጣትሽን እንዳይገፋው፣ ቁልቁለት ጥፍር ይነቅላል"፤
እሷ መቼ ወርዳ አወቀችው ብዬ
ልጠይቃት ስል ካርዴ አለቀ።

ማታ ማታ የፋብሪካውን ደረጃ
በሁለት ጀሪካን እወጣለሁ፤
ዘበኛው "ውሃ ጠፋ እንዴ?" ይለኛል፣
"ልምምድ ነው" እለዋለሁ፣ ራሱን ይነቀንቃል።
ኮፍያ አለ፣ ገመድ አለ፣ ጨው አለ፣ የቁስል ፕላስተር፤
ሸዋንግዛው ሁሉንም በቁጥር በቁጥር።

ወረቀቱ ዛሬ እኔ ጋ ነው ያደረው።
ግርጌው ላይ፣ ማንም ሳያይ፣
"ኳስ" ብዬ ጻፍኩበት፤
ለመውሰድ ይሁን ለማምጣት
ገና አልቆረጥኩም።