ሳድስና ራብዕ

ያን ለት ድሬ አልዘነበም፤ ሰማዩ ሙሉ ኮከብ ነበር፣
ዝናቡ የጣለው ደጋ ነው፣ እኛ በማናውቀው መንደር።
ደቻቱ ደረቅ አሸዋ፣ ቀን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣
ባጃጅ እያቋረጠው ሽንኩርትና ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥበት፤
ሌሊት በስምንት ሰዓት፣ እንደ ባቡር፣ ግን ፉጨት ሳያሰማ ከነፈ፣
በር ሳያንኳኳ ገባ፤ ልጄን ይዞ በጓሮ አለፈ።
በማግስቱ ከጭቃው ውስጥ አንድ ጫማ አገኘሁ።
የግራውን።

ስሙ ምንተስኖት ነበር።
አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ ከቁልቢ በስለት ያገኘሁት፣
ጃንጥላ ተሸክሜ ያን ዳገት በባዶ እግሬ የወጣሁለት።
ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ያኔ መልሱን የማውቅ መስሎኝ አወጣሁት፤
ኋላ ግን ማታ ማታ፣ ጣሪያውን እያየሁ፣ ፈጣሪን ጠየቅኩት፦
ዝም ያለኝ ምን ተስኖት?
አንድ ሕፃን ከውሃ ማውጣት ምን ተስኖት?

ልቅሶ ደራሽ ሞላ፤ የሳቢያን፣ የለገሃር፣ የገንደ ቆሬ ሰው፤
«ለበጎ ነው» ያለኝን አንዱን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ጥፊ ላቀምሰው
እጄን አንስቼ ነበር፤ ባሌ አሰግደው ያዘኝ።
ገብርኤልንም አኮረፍኩት፤ እንደ ክፉ ጎረቤት አኮረፍኩት፣
ሦስት ታኅሣሥ ቁልቢ ሳልወጣ፤ ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዞርኩት።
ጸሎቴ አንዲት ቃል ሆነች፣ እንደ ጥርስ ሕመም የምትጠዘጥዝ፦
ለምን?

በአራተኛው ዓመት ስቅለት አሰግደው ጎትቶ ወሰደኝ፤
ልሰግድ አልነበረም ልቤ፤ መክሰስ ነበር ያሰኘኝ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰማሁ፣ ስንቴ ሰምቼ ያልሰማሁትን፣
ጌታ በራሱ አንደበት የኔኑ ቃል፣ «ለምን» ማለቱን።
መልስ ከሰማይ አልወረደም።
እሱም ከመስቀል አልወረደም።
ይህን ይዤ ቤቴ ገባሁ፤ ምን እንደማደርግበት ሳላውቅ።

በሰኔ ድል ጮራ አደርኩ፤ አሰግደው ስኳሩ ከፍ ብሎበት ተኝቶ፣
ማዶው ክፍል አንዲት ልጅ አለች፣ የላምባ ምድጃ ፈንድቶ።
እናቷ ኢፍቱ ከቢዮ አዋሌ፤ ዘመድ አብሯት አልመጣም፣
ግድግዳ ትመታለች በግንባሯ፤ «ማሊፍ? ማሊፍ?» ሌላ ቃል አይወጣትም።
ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ከሽንኩርት ዋጋ አያልፍም፤
ያቺ ቃል ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋትም።
«ለበጎ ነው» አላልኳትም።
ወለሉ ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ፤ ውሃ አቀበልኩ፤ ጨርቅ አጠብኩ፤
ሊነጋጋ ሲል ስለ ልጄ በተሰባበረ አፌ ነገርኳት፤
ጫማውን እንኳ ነገርኳት።
ትክ ብላ አየችኝ። በቁስሌ አወቀችኝ።
እሱም ሲነሣ ቁስሉን አልጣለም፤ ወዳጆቹ የለዩት በዚያ ነው።

ልጅቱ በሳምንቱ አረፈች። ተአምር አልጽፍም።
ግን ያን ሌሊት ከአፌ ውስጥ አንዲት ፊደል ተንሸራተተች፣
ሳድሷ «ም» ሳላስበው ራብዕ «ማ» ሆና ወጣች፤
ለምን ልል፣
ለማን አልኩ።
«አንድ ስንዝር ብረት ናት» ይለኝ ነበር አሰግደው፣
ዕድሜውን ሐዲድ ሲቀይር የኖረው፣
«ሙሉ ባቡር ከነጭነቱ ሌላ አገር የምትወስደው።»

ለምን ዛሬም አልሞተም፤ ነሐሴ በገባ ቁጥር ይነሣል፣
አልጋዬ ሥር ከጫማው ጋር ተኝቶ ሌሊቱን ያስላል።
ሥዕሉን መልሼ አዞርኩት፤ ጨርሰን አልታረቅንም፤
እንተያያለን ግን።
ሰው የሌላት እናት ስትገባ ነርሷ ትደውልልኛለች፤
ደጋው ሌሊት ሲያጉረመርም፣ ድሬ በኮከብ ተሞልታ ሳለች፣
ጫማዬን አጠልቃለሁ፤
የሆነ ቦታ አንዲት እናት ነቅታለች።