ምራቅ

ሬሆቮት፣ ከእርሻ ፋኩልቲው፣ ከምድር ቤቱ ክፍል፣
አምፖሉ ቀይ ነው፤ ዓይን መስክሮ ፍርድ እንዳያጓድል።
የዘበኛ ሸሚዜን እንደለበስሁ፣ በምሳ ሰዓቴ ገባሁ፣
አፍንጫዬን ለመቆንጠጫ፣ ምላሴን ለሊአት ሰጠሁ።
ሦስት ኩባያ ቀርቧል፤ ዘይት ያለበት ግን አንዱ ነው፣
“አንከባልለው፣ አትዋጠው፣ የቱ እንደሆነ ለየው።”
ከሁሉ በፊት ግን ብልቃጥ አቀበለችኝ፤
“ትፋ” አለችኝ።

ትፋ ያለኝ ሰው የለም እስከ ዛሬ፤
“ምራቅህን ዋጥ” እያለ ነው ያሳደገኝ፣ አባቴም መንደሬ።
ስውጥ የኖርሁትን፣ የሃምሳ ዓመት፣
መስመር ባለው ብልቃጥ አየሁት፤ አራት ሚሊ ሊትር፣ አረፋ ያለበት።

ሊአት ገና ልጅ ናት፤ ስታስረዳ እጇም ያወራል፦
“ስብ ለብቻው ምን ምን አይልም፤ ምላስ ላይ ተኝቶ ያልፋል።
ምራቅ ነው የሚሰነጥቀው፣ ቆራርሶ የሚያናግረው፤
የአንዱ አፍ ቶሎ ይሠራል፣ የአንዱ አፍ ዳተኛ ነው፤
ለዚህ ነው ያው አንድ ማንኪያ ዘይት
ለአንዱ ድግስ የሚሆነው፣ ለሌላው የእጅ ቅባት።”

አንደኛው ውሃ። ሦስተኛው ውሃ። ሁለተኛው ግን ቆይቶ
ከጉሮሮዬ ደጅ መጣ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣
እንዳመሸ ባል ሹልክ ብሎ።
ዘጠኝ ጊዜ ለየሁት፣ ከዘጠኝ።
“ምራቅህ ጀግና ነው” ብላ ሳቀችልኝ።
እኔን ትርንጎ ትዝ አለችኝ።

ትርንጎ።
ስሟ ሲጠራ ብቻ የሰው አፍ ምራቅ ይሞላል፤
የራሷ አፍ ግን፣ ካፕላን ሆስፒታል ጨረር ከወሰደች ወዲህ፣ ደርቋል።
ዕጢውን አቃጠሉላት፤ ምንጩም አብሮ ነደደ፣
ጎረቤት ነበረና፣ ያለ ጥፋቱ ሄደ።
ቅቤ አቅልጬ ሽሮዋ ላይ ሳፈስ፣ ከጠርሙሷ ውሃ ተጎንጭታ
“ሰም ነው” ትላለች፣ “አንተ ብላ”፣ ሳህኑን ወደ እኔ ገፍታ።
እኔ ቂሉ፣ አንሷት መስሎኝ በማግስቱ እጨምራለሁ፤
በሣልስቱም እጨምራለሁ።

ለካ የጎደለው ቅቤ አልነበረም።

ሃምሳ ሼኬል ፈርሜ ወሰድሁ። ብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ስሜ የለም።
“ጥቂት ለቤት ልያዝ?” ልላት ነበር፤
ቀልድ ይመስላታል ብዬ ተውሁት።

አባቷ በሠርጋችን ዕለት እንትፍ እንትፍ ብለው ሲመርቁን
ዘወር ብዬ በእጅጌዬ ጠርጌዋለሁ ግንባሬን።
ዛሬ ቢሆን አልጠርግም።

ማታ ሽሮ ሠራሁ። አንድ ማንኪያ ጎርሼ ሳልውጥ ቆየሁ፣
እንደ ላቦራቶሪው ሥርዓት በምላሴ አንከባለልሁ።
“ምን ምን ይላል?” አለችኝ፤ ጠርሙሷን ከፍታ፣ ዓይኗን አፌ ላይ ጥላ።
ምራቄን ዋጥሁ፤
ቀስ ብዬ ነገርኋት።