ሦስተኛው ፈረቃ

ትናንት ያረሰውን ዛሬ ይጠብቃል፣
አባቴ ሙህዬ ከበሩ ይቆማል፤
ካኪ ኮት ሰጥተውት፣ ፊሽካ ከነገመዱ፣
«መታወቂያ!» ይላል ለገዛ ዘመዱ።

ሳጥኑ ካሰብ ወደብ በባቲ ሲመጣ፣
ተሳቢው ዳገቱን እያጓራ ሲወጣ፣
ማሽላው እሸት ነበር፣ ወፍ የሚከጅለው፤
እሱም ከማማው ላይ፣ ወንጭፉ በእጁ ነው።

ካሣውን ቆጠሩ። አውራ ጣቱን ነክሮ
ፈረመ። ወፉ ግን፣ ማን ነግሮት፣ ማን መክሮ፣
እስከ ቀትር ድረስ ማሳውን ጨረሰ።
አባቴ «እሽ!» አላለም። ቆሞ አይቶ ተመለሰ።

ከዚያ ሰው ጎረፈ። ከኩታበር፣ ከገርባ፣
እኛም እንደ መጤ ቤት ፈለግን ልንገባ።
አንድ ጭቃ ቤት ነው፣ በጆንያ ተከፍሎ ለሦስት፤
አንዱ ለሱብሂ ይነሳል፣ አንዷ ለኪዳን ጸሎት፤
ሦስተኛው ጓዳ የኛ። ከፈረቃ መጥቼ
በሁለቱ ጸሎት መሃል እተኛለሁ ተረትቼ።

ሽመና ክፍል ድምፅ አይሠራም። በከንፈር ነው ወሬ፤
«ልጅሽን ተሻለው ወይ?» «አልበረደም ዛሬ።»
ጦይባ ስታዜም አፏን ነው የማየው፣
ዜማውን ከራሴ ጨምሬ ነው የምሰማው።

ቦርከናን ያየ ሰው ሥራችንን ያውቃል፤
የተማሪ ልብስ ሲሆን ሰማያዊ ይፈስሳል፣
የሠርግ አንሶላ ሲሆን ጽጌረዳ ይመስላል።
አረንጓዴ ሲሆን ግን፣ ያ የጫካው ቀለም፣
ያን ሳምንት ወንዝ ዳር ወንድ ልጅ ያላት አትስቅም።
ልብሷን ጨምቃ ትሄዳለች። ማንንም አትጠይቅም።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ሁሉም ነገር ቆመ።
ጆሮዬ ባዶ ሆኖ እንደ ቁስል ታመመ።
አባቴ ባትሪውን እያበራ ገብቶ፣
ከማሽኔ ሥር ያለውን ሲሚንቶ በዱላው መትቶ፣
«አውድማው እዚህ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ።
«በምን አወቅህ አባ?» «በነፋሱ» አለኝ ቶሎ።
«ነፋስ የለም እኮ። ግንብ ነው ዙሪያውን።»
መልስ አልሰጠኝም። ያንኑ ጣቱን፣
ያን የፈረመበትን፣ በምራቁ አርሶ
ወደ ጨለማው አነሳ።

መብራት መጣ መልሶ።
ማሽኑ ሁሉ ጮኸ። ጥጡ ብን አለ እንደ እብቅ።
ጣቱን አላወረደም። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤
አነበብሁት፦ «ከምሥራቅ።»