ምስሉ የሚንገጫገጭበት

ጉጅራንዋላ ከተማ፣ በጥር ብርድ ሌሊት፣
ሰው ሰውን ያሞቃል በጠበበው ቤት።
ሰዳቃት ከኋላ ካሜራ ታቅፎ፣
ከንፈሩን ነክሶ ትንፋሹን ቆልፎ፣
ይቀርጻል።
አሠሪው ገና በጠዋት አስጠነቀቀ፦
«ምስል ይበላሻል ቀራጭ ከሳቀ።»

መድረኩ ላይ ጉልፋም የሙሽራ ልብስ ለብሶ
አማቱን ይተርባል ትራስ ተንተርሶ፦
«ጢምህ ፍየል ሲግጠው ያመሸ አጥር፤
ለልጅህ የሰጠኸው አልጋ፣ እሱም የሰው ብድር!»
ብሎ ዘፍ ቢልበት አልጋው ተሰበረ፤
አዳራሹ በሳቅ ጣራው ተሸበረ።
አንዷ ሴትዮ መሀረቧን ነከሰች፣
አንዱ የሰው ጫማ ላይ ሻይ ደፋ፤
ምስሉም...
ምስሉም ተንገጫገጨ፣ ለአፍታ መድረኩ ጠፋ።

ዘጠና ካሴት ሙሉ የሰው ሳቅ ያኖረ፣
አንዱም ላይ አይታይም፤ ከኋላ ነበረ።
ድምፁም አልተቀዳ፤ ማይኩ ከመድረክ ነው።
ከቀበሩት ወዲህ፣ ስድስት ዓመት አልፎ፣
ልጁ ሩባብ ታዲያ ምኑን ነው የምታየው?

ባሏ ጉልፋምን ያያል፣ ልጆቿ አልጋውን፤
እሷ ትመልሳለች ያን መንገጫገጩን፣
መጋረጃው፣ አምፖሉ፣ አማትና አማች ሁሉ
በወንፊት እንዳለ እህል አብረው ሲዘሉ።
ጥብጣቡ እዚያ ጋ ሳስቷል፤ ነጭ መስመር ይወርድበታል
እንደ ካፊያ። ሌላ ዓመት ብትደግመው ምኑ ይተርፋታል?

«እማ፣ እዚህ ጋ ተበላሽቷል» አላት ትንሹ ልጅ።
«አልተበላሸም» አለችው፤
«ሲስቅ ነው፣ የአያትህ እጅ።»