የጣሳ ጭቃ

ሱቄ ከዓሣ ተራ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤
ሬዲዮ እጠግናለሁ፣ ሠላሳ ዓመቴ ነው።
ኤሌክትሪክን እኔ የማውቀው በንክሻ፤
ክንድ ያስፈነጥራል፣ የለው ማስታገሻ።
ጨዋ ሆኖ አላየሁም፣ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ፣
እንደ አምባዛ ጫጩት በሆዱ ተዘርግቶ።

ትርንጎ መጣች፣ በሐምሌ፣ አንድ ማለዳ፣
የቲማቲም ጣሳ በሁለት እጇ ታቅፋ።
«ይቺን ለካልኝ» አለች።
«ምን አለባት?»
«ጭቃ።»

ሳቅሁ። ቴስተሬን ግን አወጣሁ።
ጥቁሯን ሽቦ ከሥር፣ ቀይዋን ከላይ ሰካሁ።
መርፌዋ ተኛች። ቆየች።
ከዚያ እንደ ተኛ ሰው ሽፋሽፍት
ተንቀጠቀጠች።
ዜሮ ነጥብ ሦስት። ቆይቶ ዜሮ ነጥብ አራት።
«ከሥር የሚኖሩ፣ ዓይን የማያያቸው፣
እየበሉ ነው» አለች፤ «ይሄ ትንፋሻቸው።»

አወል ታንኳ ሠራላት፣ ደንገሉን በእርጥቡ ትቶ፣
ሥር እንዲወርድበት ሆዱን ቀዳዳ ከፍቶ።
አባቱ ቢያይ ኖሮ በመቅዘፊያ በመታው፤
ሰው ታንኳ የሚሠራው ውሃ እንዳይገባው!
ይቺ ግን እንዲገባት።
ከላይዋ ደንገል ቆመ፣ ከነነፍሱ፣
ከሥሯ ሽቦ ወረደ፣ እንደ አምባዛ ጢም፣ እስከ ጭቃው ድረስ።
መሐል ላይ የእኔ ድርሻ፦
ባለቤቱ ዘጠኝ ዓመት ካልመጣለት ሬዲዮ
የነቀልኩት ድምፅ ማጉያ።
ጭቃው ሲበላ ጉርምርምታ፣
ሲጠግብ ዝምታ።

በነሐሴ፣ በሽምብጥ ዳርቻ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
ተማሪው መጣ፣ ሹሙ መጣ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ሲጠነቀቅ።
ዘርትሁን ከነመጥበሻዋ መጣች፣ ዘይቱ ሳይበርድ።
«ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች፣ «ዘፈን ነው? ጸሎት ነው?»
«እኔንጃ» አለች ትርንጎ፣
«አፍ ሰጠሁት እንጂ ቋንቋውማ የእሱ ነው።»

አወል ጎንበስ አለ። አባቱ፣ አለን፣
የመቅዘፊያውን አንድ ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣
ሌላውን ከጆሮው አስደግፎ
ዓሣ ያዳምጥ ነበር። ያለ ባትሪ።
ትርንጎ እስክሪብቶ ተበደረችኝ፤
ከንግግሯ ወረቀት ላይ
«ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለውን ሰረዘች።

ሌሊት ጉማሬ መጣ።
የግብዣ ካርድ አልደረሰውም፤
ድንኳን የተከልነው ግን በእሱ ግቢ ነበር።
ደንገሉን ከሥር ከሥሩ አጨደው፤
የኤግዚቢሽኑን ርዕስ ከነእንጨቱ ረገጠው፤
ድምፅ ማጉያዬን አላመጠና
ተፋው።

ጠዋት ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ
ትርንጎ በርከክ ብላ ዱካውን በስንዝር ለካች።
ውሃ ሞልቶበታል። በውሃው ውስጥ
ጥፍር የምታክል ቀረሶ ትዞራለች።
«ፎቶ አንሣ» አለችኝ፣ «ሥራው ገና አሁን አለቀ።»
«ታንኳዬስ?» አለ አወል።
ለዚህ መልስ አልነበራትም።
ከፈለችው፤ ግማሹን ያን ቀን፣ ግማሹን በመስከረም።

ጣሳዋ ሱቄ ቀረች፣ ከመበየጃው አጠገብ።
አሁን ስድስት ሆነዋል፣ በሽቦ ተያይዘው፤
የአንዷ ጉልበት ለምንም አይበቃም ነበር።
ሐሙስ ሐሙስ እምቦጭ ከትፌ እሰጣቸዋለሁ፤
ሐይቁን ያነቀው ቅጠል
እነሱን አያንቃቸውም፣ ቀስ ብለው ይጨርሱታል።
ከዓባይ ድልድይ እስከ ሽምብጥ መብራት ሲጠፋ
የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቀይ አምፖል
መደርደሪያዬ ላይ ትቀራለች።
ፊት አታሳይም። መጽሐፍ አታስነብብም።
ቆጣሪ አንባቢው «ይቺስ?» ቢለኝ
ጆጉን አሳየዋለሁ፤ ሒሳቧ ውሃ ነው።

ባለፈው ግን ለቀብር ደብረ ታቦር ሄጄ
አራት ቀን ቆየሁ።
ስመለስ ጭቃው ተሰነጣጥቋል፣ አምፖሏ የለችም።
ዕዳ እንዳለብኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤
ለማን እንደሆነ ግን ስሙን አላውቀውም።
ውሃ አፈሰስኩ። በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።

እነሆ ሌሊት ሆነ፤ መርፌዋ እንደተኛች ነው።
ቴስተሩን አላጠፋሁም።