ጠርዝ

የጋጋሪው ሚስት ማክሰኞ ለት መጣች፣
አንዲት ቃል ሳትናገር ቦርሳዋን ከፈተች፣
አንድ ክንድ የሚሆን ልጣፍ አውጥታ
ጠረጴዛችን ላይ አጋደመች ዘርግታ።
የወጥ ቤቷ መደርደሪያ ጠርዝ ነበረ፣
በዳቦው እንፋሎት ተልጦ የቀረ።
«ሁለት ክረምት እንኳ» አለች «አልቆየልኝ።»
ከዚያ ወጣች። ዝናብ። ልጣፉ አፈጠጠብኝ።

እናቴ ዙልሚራ ካውያዋን ሸሸገች፣
ዕቃ እንደ ሰበረች ልጅ አንገቷን ደፋች፤
ሃያ ሁለት ዓመት፣ በዚያችው ካውያ፣
የአባቴን ሸሚዝም፣ የሰውን መደርደሪያ፣
ስትተኩስ የኖረች ጋዜጣ ደርባ፣
ትርፉን በቢላዋ ልክ እንደ ክር ስባ።

የእህቴ ባል አቢሊዮ ግን ወዲያው ጉሮሮውን ጠርጎ
«ካውያ ለሸሚዝ ነው» አለ፣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አድርጎ፤
«አየኸው? ስድስት ሜትር! ጠርቦ፣ ለጥፎ፣ ቆርጦ፣ ፍቆ፣
ሣንቃውን በዚህ ስታጎርሰው በዚያ ይወጣል አሸብርቆ።
ፌሬይራን ተሻግሮ ያለው ፋብሪካ ሰኔ ላይ ተዘጋ፣
ሐራጁ ዓርብ ነው፤ ከአዲሱ በአምስተኛ ዋጋ።»

ፖርቶ ያለው ሻጭ ደግሞ፣ በፈገግታና በክራቫት፣
የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ የሚያብረቀርቅ እሳት፤
«ጨረር ነው፤ ሙጫ የለው፤ መስመሩ በአጉሊ መነጽር አይታይ!»
ዋጋውን ሳየው፣ ቤታችንን ሸጠን ማሽኑ ውስጥ ልንኖር ነወይ?

እኔ ሜትር አወጣሁ። ከግድግዳ ግድግዳ
ሰባት ሜትር ከሩብ ነው የሥራችን ጓዳ።
የአቢሊዮ ማሽን ከገባ እኛ በመስኮት ልንሠራ፣
ወይ ጣሪያው ላይ ወጥተን ከርግቦቹ ጋራ።
ባለ አንድ ፌዝ ነን፤ መጋዙና አየር መጭመቂያው
ባንድነት ሲነሱ ዓይኑን ይጨፍናል አምፖላችን ያው።

ቢሆንም ሄድን። ማየት ግብር የለበትም ብለን፣
እናቴን ከኋላ፣ ልጣፉን በኪሷ ይዘን።

አዳራሹ ባዶ። እርጥብ የባሕር ዛፍ ጠረን
በተሰበረ መስታወት ገብቶ ከዘይት ጋር ተቀበለን።
ማሽኑ ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ራስጌው ቆማ
አሥራ ስድስት ዓመት የነዳችው ኦቲሊያ፣ በቱታ በወፍራም ጫማ።
«ለገዢ አሳዪ ብለው ለሁለት ቀን ቀጠሩኝ» ሳቀች፤
«ሬሳ እንደ መገነዝ ነው።» ማብሪያውን ነካች።

«ጧት ሙጫው እስኪግል አንድ ሰዓት ትጠብቁታላችሁ፤
ማታ ሳታጥቡት ካደራችሁ ድንጋይ ነው የሚቆያችሁ።
በቀን ስንት ሣንቃ ነው?» «አሥራ ሁለት» አልኳት፤ «ሲበዛ ሃያ።»
«ይሄ አምስት መቶ የለመደ ሆድ ነው፤ ቀለቡን ከየት ገበያ?»

ያኔ እናቴ ልጣፉን ከኪሷ አወጣች ቀስ ብላ፣
ቁስሏን ለሐኪም እንደምትገልጥ፣ ግማሹን በመዳፏ ከልላ።
ኦቲሊያ መነጽሯን ገፍታ፣ ጀርባውን ወደ ብርሃን አዞረች፤
በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ ጥቂት ቆይታ አሸተተች።
«ማነው የተኮሰው?» «እኔ።» «ሙጫሽ ደኅና ነው፣ ካውያሽም።
ይሄ ግርፋት ይታይሻል? ይሄ የካውያ አይደለም።
የመጋዝ ጥርስ ነው፤ ዶልዱሟል። ነጭቶታል እንጂ አልቆረጠም፤
በተነጨ ገላ ላይ ደግሞ ምንም ልብስ አይቀመጥም።»

መጋዙ የእኔ ነው። ጥርሱን የማሳል ተራም የእኔ።
ስንት «ነገ» ቆጥሬ ነበር፣ ሲያረጅ እያየሁት በዓይኔ!
እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። ይህ ነው የከበደኝ፤
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ ልጣፉን ጠቅልላ አስያዘችኝ።

ሐራጁን ተውነው። ቅዳሜ ዲስክ ገዛሁ፣ ዘጠና ስድስት ጥርስ ያለው፣
እና አንዲት ትንሽ ማሽን፤ የስፌት መኪና ነው የምታክለው፤
በእጅ የሚገፉላት፣ በአንድ ፌዝ የምትረካ፣
ከቀጥታውም ከክቡም ጋር የምትግባባ ለካ።
ትርፉን መከርከም አትችልም፤ ለዚያ የእናቴ ቢላዋ አለ፤
አቢሊዮ ሦስት ቀን አኩርፎ፣ በአራተኛው «እስቲ ልሞክራት» አለ።

የግራሲዬትን ወጥ ቤት በነጻ ሠራንላት ደግመን፤
ከምድጃው ማዶ ቆመን እንፋሎቱን ታዘብነው ዝም ብለን።
ይዟል? ገና ነው፤ ሁለት ክረምት ይፈርዳል።
ልጣፉ ከመጋዙ በላይ በሚስማር ተንጠልጥሏል፤
በር ሲከፈት ይወዛወዛል፤
ማብሪያውን ሳልነካ ጣቴ ወደ ጥርሱ ይሄዳል።