ግማሽ ኢንች

ካይኑ ጫካ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ፣
ጥድ የሚገነድሰው ማሽን ክንዱን ማንሳት ረሳ።
በረዶው ላይ ተንጣሏል ዘይት፣ ቡናማ ሰፌድ አክሎ፤
ታውኖ ቆሟል አጠገቡ፣ ረጅም ቁልፉን አንጠልጥሎ።

ታይሚ በቫኗ ደረሰች። ሰላምታ እንኳ አላበዛች።
ፊቲንጉን ፈታ፣ በጨርቅ ጠርጋ፣ ወደ መብራት ያዘች።
«ማን አሰረው?»
          «እኔ። ልኩ ነው። ገብቷል እኮ!»
«መግባት ሌላ፣ መግጠም ሌላ።

ይኼ ግማሽ ኢንች ነው፤ ያም ግማሽ ኢንች ይባላል፤
ባንድ ኢንች አሥራ አራት ጥርስ፣ ለቆጠረ ይመሳሰላል።
ማዕዘኑ ግን የአንዱ ሃምሳ አምስት፣ የሌላው ስድሳ፤
ሁለት ዙር ይስቅልሃል፣ በሦስተኛው ጠብ ሊያነሳ።
አንተ ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ! ቁልፍ አስረዝመህ፣
በነጭ ቴፕ ጠቅልለህ፣ በጉልበት አጋባህ።»

(ሚስቱ ነበረች፣ ድሮ። ለሁለት ዓመት።
ታውኖ መልስ አጣ፤ ዝም ብሎ አየ መሬት።)

«መጀመሪያ አፉን እይ፤ ዘይቱን የሚያግደው ምኑ ነው?
ጥርሱ ነው? ኮኑ ነው? ወይስ የጎማ ቀለበቱ ነው?
ከዚያ ለካ። ከዚያ ቁጠር። ስሙን በመጨረሻ።
ሁለት መቶ ባር ይሉኝታ የለው፤ ሽንቁር ነው የሚሻ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤
ከበረዶ ላይ ዘይት ግን ማን ይለቅማል?

አዲሱን በጣቷ አዞረች፤ ቁልፍ የነካው ሩብ ዙር ብቻ።
ጥርሱ የተበላውን ከተተችው ታውኖ ኪስ፦
«ቁልፍ ባነሳህ ቁጥር ይህን ዳስስ።»

ማሽኑ ክንዱን አነሳ።
ቫኗ ሄደች።
ዘይቱ እዚያው ነው፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ።